ለእንግዳ መነሣት

አማቴ ለማንም ሰው ተቀምጠው ሰላምታ ሰጥተው አያውቁም። ለሼህ ይነሣሉ፣ ለጎረቤት ይነሣሉ። አሜሪካ፣ ዴንቨር አጠገብ ኦሮራ ከመጡ በኋላ ደግሞ ቧንቧ ሊጠግን ለመጣው ሰውዬ፣ ቤት ተሳስቶ በራችንን ላንኳኳው ፒዛ አመላላሽ ሳይቀር ተነሥተዋል። ፒዛ ያመጣው ሰውዬ አንዲት አሮጊት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ ሲሉለት ደንግጦ ይቅርታ እየጠየቀ ነው የወጣው። እኔ ከሥራ ስመለስም ይነሡልኛል። «ኧረ እትዬ ይቀመጡ፣ እኔ ምን እንግዳ ነኝ» እላለሁ። «ከድካም ነው የመጣሽው» ይሉና ብድግ ብለው ይቀመጣሉ። እውነቱን ለመናገር ያናድደኝ ነበር። ቀኑን ሙሉ ሰው ሳነሣና ሳስቀምጥ ውዬ ቤቴ ስገባ ሌላ ሰው ሲነሣና ሲቀመጥ ማየት አያምረኝም።

ሥራዬ ዴንቨር ውስጥ አረጋውያን የሚጦሩበት አንድ ናርሲንግ ሆም ነበር። ማጠብ፣ ማልበስ፣ ማጉረስ፣ መለወጥ፤ ከዚያ ደግሞ መጻፍ። ለእያንዳንዱ ሰው ፎርም አለው። ብቻውን ይታጠባል ወይስ በሰው ርዳታ? ከአልጋ ለመውረድ አንድ ሰው ይበቃዋል ወይስ ሁለት? ሽንቱን ይቆጣጠራል? ማንኪያ ይይዛል? ይህን ስጽፍ ስድስት ዓመት ሆኖኝ ስለነበር አዲስ ሰው ገና በበሩ ሲገባ አይቼ ፎርሙን በልቤ እሞላዋለሁ። ይህን የምናገረው ለጉራ አይደለም፤ በኋላ የሠራሁት ሥራ ምን ያህል የጅል ሥራ እንደነበር እንዲታወቅልኝ ነው።

አማቴ መርካቶ ጨርቅ ቸርችረው አራት ልጆች ያሳደጉ ሴት ናቸው። ናይሮቢ ላይ በስደተኛ ወረቀት ጥቂት ቆይተው ወደ እኛ መጡ። በሁለተኛው ክረምታቸው ስትሮክ ቀኝ ጎናቸውን መታቸው። ንግግራቸው ተመለሰ፣ እግራቸው በግማሽ ተመለሰ፣ ቀኝ እጃቸው ግን እንደተንጠለጠለ ቀረ። ከዚያ ወዲያ ሰውነታቸውን የማጥበው እኔ፣ የማለብሰው እኔ፣ ሌሊት ሲያመልጣቸው አንሶላ የምለውጠው እኔ። ይህን ሁሉ አድርጌ ገና ሳይነጋ ዴንቨር ሄጄ የሰው እናት አጥባለሁ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የተባለው ለእኔ ነው።

ባለቤቴ ታክሲ ይነዳል። አዲሱ አየር ማረፊያ ከከተማ ርቆ ሜዳ ላይ ከተከፈተ ወዲህ ወረፋ የሚጠብቅበት ሰዓት ከሚነዳበት ይበልጣል። እዚያ የታክሲ ማቆሚያ ላይ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ የአገር ቤቱን መንግሥት ጠዋት ያወርዳል፣ ከሰዓት በኋላ ሌላ ይሾማል። እናቱን ከአልጋ ማውረድ ላይ ግን አቅሙ ያልቅበታል። «እናቴን እኮ ነው፤ እንዴት አድርጌ ልብሷን አወልቃለሁ» ብሎ ፊቱን ያዞራል። ነውር ነው። ነውርነቱ እኔንም አይጠፋኝም፤ ግን በዚያ ቤት ነውር የሚባል ነገር በተነሣ ቁጥር ሥራው ወደ እኔ ይዞራል።

አንድ ማክሰኞ አማቴ መታጠቢያ ቤት ወደቁ። ሁላችንም ከቤት እንደወጣን ነው የወደቁት፤ ልጄ ከትምህርት ቤት እስክትመለስ ድረስ እዚያው ሰድሉ ላይ ተኝተው ዋሉ። ልጄ ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ብርድ ልብስ አልብሳቸው ሥራ ቦታዬ ደወለች። «ማም፣ እማማ ፍሎር ላይ ናት፣ ሺ ኢዝ ሶ ኮልድ፣ በጣም በርዷታል» አለችኝ። ስልኩ ሲመጣ ለአንዲት የዘጠና ዓመት ሴትዮ ሾርባ እያጎረስኩ ነበር። እየበረርኩ ቤት ደረስኩ። መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ስቆም አማቴ አዩኝና ወለሉ ላይ እንደተኙ በደህናው ክርናቸው ተደግፈው ሊነሡልኝ ሞከሩ። ተናደድኩ፤ አለቀስኩም።

ሐኪሙ እኚህ ሴት ከእንግዲህ ብቻቸውን ሊውሉ አይችሉም አለ። ወይ ቤት ውስጥ ሰው ይኑር፣ ወይ ናርሲንግ ሆም ይግቡ። እኔ ሥራዬን በግማሽ ብቀንስ ቤት እውላለሁ፤ ግን በባለቤቴ ታክሲ ብቻ የቤት ኪራይ አይዘለቅም። አንዲት አብራኝ የምትሠራ ሜክሲኳዊት ናት መንገዱን የነገረችኝ። እናቷን ቤት ውስጥ ስለምትጦር ካውንቲው፣ የአካባቢው መስተዳድር ማለት ነው፣ በየወሩ ይከፍላታል። አላመንኳትም። «ለገዛ እናትሽ?» አልኳት። «ለገዛ እናቴ» አለችና አፕላይ እንዳደርግ ቢሮው የት እንደሆነ በናፕኪን ላይ ጻፈችልኝ።

ለባለቤቴ ስነግረው ኩራቱ ተነሣ። ኩራቱ የሚነሣው እንደ ልጥጥ ነጋዴ ነው፤ አንድ ጊዜ ከተነሣ ቤቱን ሁሉ ይሞላል።

«ሁለታችንም ጃብ አለን፤ ሠራተኞች ነን» አለ። «የመንግሥት ርዳታ፣ ዌልፌር የሚበላው ሥራ የሌለው ነው። በእናቴ ስም ደሞዝ አልበላም።»

በእናቱ ስም ደሞዝ ካልበላ እናቱን የሚያጥበው ማን እንደሆነ ጠየቅኩት። መልስ ሲያጣ የሚለውን አለ፤ ሰው ምን ይላል አለ። ሰው ማለት እነዚያ የታክሲ ማቆሚያ ላይ የሚውሉ ጓደኞቹ ናቸው። ሁሉንም አውቃቸዋለሁ። አንዱ መንግሥት በሚደጉመው አፓርታማ ይኖራል፤ ሌላው ልጆቹን በነፃ ያሳክማል። ሚስቶቻቸው ናቸው ፎርሙን የሚሞሉት፤ ስለዚህ ወንዶቹ እንዳልበሉ ይቆጠራል። እነሱ ስለ እኔ የሚሉትን እየፈራሁ አማቴን ሰድል ላይ የማስተኛበት ምክንያት አልታየኝም። ፎርሙን እኔ ሞላሁ፣ ባለቤቴ ሳያነብ ፈረመ። ካውንቲውም የእኛን ሥራ ሳይሆን የእሳቸውን ድካም ነው የሚያየው። አንዲት የካውንቲ ሠራተኛ ቤት ድረስ መጥታ ጥያቄ ትጠይቃለች፤ ለእያንዳንዱ ነገር ነጥብ ትሰጣለች። ራሳቸው ከቻሉ ዜሮ ነው፤ ባልቻሉ መጠን ነጥቡ ይጨምራል። ነጥቡ ከሞላ ገንዘቡ ይፈቀዳል።

ይህን ሁሉ የማውቅ ሴት ታዲያ እንግዳዋ የምትመጣ ቀን ምን አደረግኩ? ቤቱን ወለወልኩ። የአልጋውን ፕላስቲክ አንሥቼ አጣጥፌ ደበቅኩ። ከሥሩ ባልዲ ያለውን የመጸዳጃ ወንበር ቁም ሣጥን ውስጥ ከትቼ ኮት ደረብኩበት። አማቴን ገላቸውን አጥቤ፣ ቅባት ቀብቼ፣ ለዒድ የተሰፋላቸውን ቀሚስ አልብሼ፣ ነጭ ሻርፕ አከናንቤ እንደ ሙሽራ ሳሎን አስቀመጥኳቸው። ሻይ አፈላሁ፣ ሳምቡሳ ጠበስኩ። እንግዳ ነው ይመጣል የተባለው፤ እጄ ራሱ ነው የሠራው። ለእሳቸውም ያልናቸው ከሐኪም ቤት አንዲት ሴት ልትጠይቅዎት ትመጣለች ብቻ ነበር። ለምን እንደምትመጣ መናገሩ አሳፈረን። እሳቸው እንዳያፍሩ ብለን አልነበረም፤ እኛው አፍረን ነው።

ሴትዮዋ ደከም ያለች፣ ጫማዋ በበረዶ የራሰ ፈረንጅ ነበረች። ክፉ አልነበረችም፤ በእሷ ላይ የማወራው የለኝም። አብሯት የመጣው አስተርጓሚ ነው ጉዱ። አገር ቤት መምህር የነበረ፣ እዚህ አየር ማረፊያ ዊልቸር የሚገፋ፣ እሑድ ደግሞ በጴንጤዎች ቸርች የሚሰብክ ሰው ነው። ክራቫት አስሯል። ከአፉ ማር ጠብ ይላል። አማቴ ግድግዳውን በግራ እጃቸው ይዘው ብድግ ሲሉለት እሱም እስከ ወለሉ ጎነበሰላቸው። ተያይዘው ጤና ተጠያየቁ፤ ቤተሰብ፣ ልጆች፣ አገር፣ ዝናብ። ፈረንጇ እስክሪብቶዋን ይዛ ጠበቀች። ፎርሟ ላይ የመጀመሪያው ዜሮ በዚያች ደቂቃ ሳይጻፍ አልቀረም፤ ከወንበር ብቻዋን ትነሣለች።

እኔ እንግሊዝኛ እችላለሁ፤ ግን ገንዘቡ ለእኔ ስለሆነ ማስተርጎም አይፈቀድልኝም። ዳር ተቀምጬ አዳምጣለሁ። ፈረንጇ ሰውነታቸውን የሚያጥባቸው ሰው ያስፈልጋቸዋል ወይ አለች። ሰውዬው ጉሮሮውን ጠረገ።

«እማማ፣ ሰውነትዎ እንዴት ነው?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ። አንተስ ደህና ነህ የኔ ልጅ?»

ዞረና ምንም ችግር የለባቸውም አላት። ቀጥላ ሽንት ያመልጣቸዋል ወይ፣ ሌሊት አልጋ ይረጥባል ወይ አለች። ሰውዬው ጆሮው ድረስ ቀላ። ሌሊቱን እንዴት ያድራሉ ብሎ ጠየቃቸው። አልሐምዱሊላህ፣ በሰላም አድራለሁ አሉ። ችግር የለም። መብሉን ራሳቸው ይበላሉ ወይስ ሰው ያጎርሳቸዋል አለች። ምግብ ይስማማዎታል ወይ አለ። እንዴት አይስማማኝ፣ የልጄ ሚስት እጇ ይጣፍጣል አሉ። በአሥራ አምስት ዓመት ትዳሬ ይህን ቃል ከአፋቸው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው፤ የሰማሁትም ነጥብ ሊያሳጣኝ ነው።

አልቻልኩም። በእንግሊዝኛ፣ የጠየቅሽውን አይደለም እየጠየቃቸው ያለው አልኩ። ፈረንጇ ታማሚዋ ራሳቸው ይመልሱ፣ ሕጉ ነው አለች በትሕትና። አስተርጓሚው ደግሞ በአማርኛ ገሠጸኝ።

«እህቴ፣ ታላቅ ሰው ፊት እንዲህ ያለ ነገር አይነሣም» አለኝ።

ባለቤቴ በሩ አጠገብ ተቀምጦ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ሁለቱ ወንዶች እርስ በርስ ተያዩ። ጨዋ ከጨዋ ጋር ተገናኘ።

ነገሩ እዚያ ቢያበቃ ደግ ነበር። እንግዶቹ ሊወጡ ሲነሡ አማቴም ተነሡ። እንግዳ ሳይሸኝ አይወጣም። በግራ እጃቸው ከሶፋው ወደ ጠረጴዛው፣ ከጠረጴዛው ወደ ግድግዳው እያሉ እስከ በሩ ሸኟቸው። ላግዝዎት ብዬ ክንዳቸውን ስይዝ በክርናቸው ገፉኝ። በሩ ላይ ቆመው፣ ተመለሱ፣ ቤታችሁ ነው አሉ። አስተርጓሚው ይህንን አሳምሮ ተረጎመው። ፈረንጇ ደረጃው ላይ ቆማ አንድ ነገር ስትጽፍ አየኋት። በሩ ሲዘጋ አማቴ ግድግዳውን ተከትለው ቁልቁል ተንሸራተቱና ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ። የዒዱ ቀሚስ ረጥቧል። «ደስ የምትል ሴት ናት» አሉኝ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ።

ደብዳቤው መጣ። እኚህ ሴት በዕለት ኑሯቸው ራሳቸውን የሚችሉ ስለሆኑ አይፈቀድም ይላል። በሠላሳ ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት፣ አፒል ማድረግ ይቻላል ይላል። ባለቤቴ አነበበውና ከክስ ነፃ እንደወጣ ሰው ፊቱ ፈታ አለ። እንግዲህ ካውንቲውም ደህና ናት ካለ ምን እናድርግ አለ። እኔ አማቴ ከወደቁ ወዲህ ቤት እንድውል ከሥራ ቦታዬ የተሰጠኝ ፈቃድ እያለቀ ነበር። ይህን ስነግረው ብዙ ያሰበበት በሚመስል ድምፅ፣ አንቺ የምትሠሪበት ቦታ ብናስገባትስ አለኝ።

«አንቺ እዚያ አለሽ አይደል? እንዲያውም ቀኑን ሙሉ አብረሻት ትውያለሽ።»

ይህን ያህል ዓመት አብሬው ኖሬ ሥራዬ ምን እንደሆነ እንደማያውቅ ያን ቀን ገባኝ። እዚያ ጠዋት ጠዋት የማነሣቸው አሥራ አራት ሰዎች ናቸው። ለአንድ ሰው ሰባት ደቂቃ ብሰጥ ነው፤ ሰባት ደቂቃ ውስጥ ፊትና ብብት ይታጠባል፣ ልብስ ይለበሳል፣ ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ወንበሩ ኮሪደር ላይ ይደረደራል። ከዚያ ሰው ሲያልፍ እጃቸውን ይዘረጋሉ። እኔም ዓይኔን ወደ ወለሉ አድርጌ አልፋለሁ፤ ካየኋቸው መቆም ይመጣልና። አማቴን እዚያ ኮሪደር ላይ ዳይፐር ለብሰው ለሚያልፍ ፈረንጅ ሁሉ ብድግ ሊሉ ሲሞክሩ በዓይነ ኅሊናዬ አየኋቸው። ለእኔም ሊነሡ ሲሞክሩ፣ እኔም ወለል ወለሉን እያየሁ ሳልፍ። የአፒሉን ፎርም ሞላሁ።

አስተርጓሚውን ሱቅ ውስጥ አገኘሁት፤ በርበሬ እየመረጠ ነው። ምን እንደሠራ ነገርኩት። አላፈረም። እናቱን የሚያህሉ ሴት ሽንት ያመልጥዎታል ወይ ብሎ እንዲጠይቅ ነው ወይ የምፈልገው? አዎ፣ የተከፈለህ ለዚያ ነው አልኩት። አስተዳደጌ አይፈቅድልኝም አለ። ሲያየኝ እሳቸውን ከእኔ ያዳናቸው ይመስል ነበር። እኔም፣ የአንተ አስተዳደግ እናቴን ኮሪደር ላይ ሊያስጥልብኝ ነው አልኩት። ድምፄ ከፍ ብሎ ስለነበር ባለሱቁ ዞር አለ። እናቴ ማለቴን ያስተዋልኩት መኪና ውስጥ ከገባሁ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ እሳቸውን እናቴ ብዬ አላውቅም ነበር።

ለአማቴ ራሴ ነገርኳቸው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ፀጉራቸውን እያጠብኩ ነበር፤ ፊታቸው ወደ ገንዳው ስለሆነ ለሁለታችንም ቀለለን። የዚያን ቀን የመጣችው ሴት ለጥየቃ እንዳልመጣች፣ የማይችሉትን ልትቆጥር እንደመጣች፣ ከተቆጠረ እኔ ቤት እንደምውል፣ ካልተቆጠረ ግን የት እንደሚገቡ ሳላስቀር ነገርኳቸው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚባለውንም ጨመርኩበት፤ እሳቸው ናቸው ለልጆቻቸው ሁልጊዜ ይሉት የነበረው።

«ልጄ ያውቃል?» አሉኝ በመጨረሻ።

ያውቃል አልኳቸው። ፎጣውን በግራ እጃቸው ተቀብለው ፊታቸውን ሸፈኑ፤ እስኪደርቅ ድረስም አላነሡትም።

በአፒሉ መሠረት ሁለተኛ ጊዜ ሲመጡ ያቺው ፈረንጅና ያው ሰውዬ ነበሩ። ካውንቲው ሌላ አማርኛ ተናጋሪ የለውም አሉ። በዚህ ጊዜ ሻይም ሳምቡሳም የለም። ባለባልዲውን ወንበር ሳሎን መሃል ትቼዋለሁ። አማቴ በቤት ቀሚሳቸው ሶፋው ላይ ናቸው። እንግዶቹ ገቡ። ሰውዬው እንደ ልማዱ ጎንበስ ብሎ እሳቸው እስኪነሡ ጠበቀ። አልተነሡም። ግራ እጃቸውን ብቻ ዘረጉለት። እንዲህ ጎንበስ እንዳለ፣ ቀና ይበል አይበል ግራ ገብቶት ትንሽ ቆየ። ያን ጊዜ ደስ አለኝ፤ አልዋሽም።

ፈረንጇ የመጀመሪያውን ጥያቄ ጠየቀች። ሰውዬው ጉሮሮውን ጠርጎ ሰውነትዎ እንዴት ነው ብሎ ጀመረ። አማቴ እጃቸውን አነሡ።

«ልጄ፣ ለእኔ አትዘንልኝ። እሷ ያለችህን ጠይቀኝ።»

ላቡ መጣ። ክራቫቱን ላላ አደረገ። ከዚያ አንድ በአንድ ጠየቃቸው፤ እሳቸውም አንድ በአንድ መለሱ። ብቻዎን ይታጠባሉ? አልችልም። ልብስዎን ይለብሳሉ? አልችልም። ሽንት ያመልጥዎታል? ያመልጠኛል። ስንቴ? በየሌሊቱ። ማን ይለውጥዎታል? በአገጫቸው እኔን አመለከቱ። ዓይናቸው ከሰውዬው ላይ አልተነሣም፤ የጨርቅ ዋጋ ሲከራከሩ እንዲህ ሳይሆኑ አይቀርም ብዬ አሰብኩ። ባለቤቴ መሃል ላይ ተነሥቶ በረንዳ ወጣ። በመስተዋቱ ጀርባው ይታየኛል፤ ሲጋራ ያጨሳል። እናቱ ስለ ገላዋ ስትናገር መስማት ከበደው። እኔ ስለዚያ ገላ መስማት አልከበደኝም፤ አውቀዋለሁ። የከበደኝ አልችልም የሚለው ቃል ነው። ሲጨርሱ ሰውዬው ዓይኑን ጠረገ። ለእሱም አላዘንኩለትም። ሲወጡም ማንም አልሸኛቸውም።

ተፈቀደ። ሥራዬን በግማሽ ቀንሼ ቤት ዋልኩ። በባለቤቴ ጓደኞች ዘንድ ለጥቂት ሳምንት በአማቷ የምትነግድ ተብዬ ታማሁ። ከዚያ ሐሜቱ ድንገት ቆመ። አንድ እሑድ አንደኛው ሚስቱን አስከትሎ መጣ፤ አባቱ ከአገር ቤት መጥተው ስኳር እግራቸውን ይዟቸዋል። ሌላውም መጣ። እዚያ የታክሲ ማቆሚያ ላይ አፋቸውን የሚከፍቱብኝ ሁሉ ፎርማቸውን በፖስታ አድርገው፣ ለስለስ ብለው፣ እህታችን እያሉ ሳሎኔ ተቀመጡ። ሞላሁላቸው። ይህም ያኮራኛል፤ እየናቅኳቸው ነው የሞላሁላቸው። ሁሉንም ያልኳቸው አንድ ነገር ነው፤ ሴትዮዋ ስትመጣ አባትህን እንዳይነሡ ንገራቸው።

ገንዘቡ ከተፈቀደ ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ አንዲት እግራቸውን የምታለማምድ ባለሙያ ቤት ትመጣ ነበር። አማቴ ከፈለጉ መቆም ይችላሉ፣ እግራቸው እንዲያውም ከበፊቱ ብርታት አለው፣ ግን እምቢ ይላሉ አለችኝ። እኔም አስተውዬው ነበር። ሼሁ ለዒድ ሲመጡ ተቀምጠው ነው የተቀበሏቸው። ጎረቤት ሲገባ፣ ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመጣ፣ እኔ ከግማሽ ቀን ሥራዬ ስመለስ፣ ሶፋው ላይ እንደተቀመጡ ግራ እጃቸውን ይዘረጋሉ። መጀመሪያ ላይ እፎይ ብዬ ነበር፤ ያ መነሣት መቀመጥ ቀረልኝ ብዬ። ከዚያ ቀስ በቀስ ቤቱ ከበደኝ። አንድ ቀን ከሥራ ስገባ ከንፈራቸውን ነክሰው ሶፋውን ጨምድደው ሲይዙ አየኋቸው። ሰውነታቸው ሊነሣ ፈልጓል፤ እሳቸው እየያዙት ነው።

«ምነው እትዬ፣ አሞዎት ነው?» አልኳቸው።

«አይ» አሉኝ። «ቆማ አየናት ብለው ገንዘቡን እንዳይነጥቁሽ ብዬ ነው።»

ልጃቸው ዝም ባለበት ቤት፣ የተማረው ሰው ባፈረበት ነገር፣ እሳቸው ለእኔ ብለው አንድ ዓመት ሙሉ ተቀምጠዋል። መጋረጃው ተዘግቶ ነበር። ቤት ውስጥ ከእኔ በቀር ሰው አልነበረም። ማንም አያይም፣ ይነሡ እንጂ ማለት እችል ነበር። ያቺ ፈረንጅ ግን ነጥቡን እንደገና ልትቆጥር ለዓመቱ ምርመራ የምትመጣው በሚቀጥለው ወር ነው፤ እግር ደግሞ ከለመደ ለእንግዳ ሳያስበው ይነሣል። ቦርሳዬን አስቀመጥኩ፣ እጃቸውን ጨበጥኳቸውና አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ይነሡ አላልኳቸውም።